የጥርስ ሽቦና ማዕድ፦ የአንድ ሕክምና ታሪክ ከምግብ በኩል ሲታይ

የተጣመመ ወይም የተደራረበ ጥርስን ለማቃናት የሚታሰረው የጥርስ ሽቦ፣ በብዙዎች አጠራር ብሬስ፣ ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው እንደ ብረታ ብረት ታሪክ ነው፤ ወርቁ በአይዝጌ ብረት፣ አይዝጌ ብረቱ በኒኬልና በቲታኒየም ቅይጥ እየተተካ የመጣበት ሂደት በዝርዝር ሲጻፍ፣ መሣሪያው የሚታሰረው በየዕለቱ በሚበላና በሚጠጣ አፍ ውስጥ መሆኑ ግን በጥቂት መስመር ይታለፋል። ይሁን እንጂ የሕክምናውን ውጤት የሐኪሙን እጅ ያህል የታካሚው ማዕድም ሲወስነው ኖሯል። የዘመናችን ሰው ጥርስ ለምን ተጨናንቆ ይበቅላል ለሚለው ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች አንዱ የምግብ መለስለስ ሲሆን፣ ሽቦ የታሰረለት ሰው ጥርሱ ከተቃና በኋላ ስለምን ነጠብጣብ ወጥቶበትና ተቦርቡሮ ይገኛል ለሚለው ደግሞ ዋናው መልስ የጣፋጭ ምግብ መዘውተር ነው።

ጥርስን ከበቀለበት ቦታ የማንቀሳቀስ ሐሳብ ከሽቦው በብዙ ይቀድማል። በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊው የሕክምና ጸሐፊ ኬልሱስ፣ የወተት ጥርስ ሳይወልቅ አዲሱ ጥርስ ከጎኑ ብቅ ያለበት ልጅ ቢገኝ የወተት ጥርሱ እንዲነቀልና አዲሱ ጥርስ ተገቢ ቦታው እስኪደርስ ድረስ በየቀኑ በጣት እንዲገፋ መክሯል። ለዚህ ሥራ የተሠራ መሣሪያ በመጽሐፍ ተገልጾ በሰፊው የታወቀው ግን እ.ኤ.አ. በ1728 ፈረንሳዊው የጥርስ ሐኪም ፒየር ፎሻር በፓሪስ ባሳተመው ሥራ ነው። የፎሻር መሣሪያ ባንዶ ይባል ነበር፤ ከወርቅ ወይም ከብር የተሠራ፣ በቀስት ቅርጽ የታጠፈና በየቦታው የተበሳ ጥፍጥፍ ሆኖ፣ የተጣመሙት ጥርሶች በክር ከእርሱ ጋር እየታሰሩ ቀስ በቀስ ወደ መስመሩ እንዲሳቡ ያደርግ ነበር። ይኸው ሰው ጥርስን የሚበላው ትል ነው የሚለውን የቆየ እምነት በአጉሊ መነጽር ፈልጎ ትሉን ባለማግኘቱ የተቃወመ ሲሆን፣ በዚያው መጽሐፉ ስኳርና ጣፋጭ ነገር ለጥርስ ጠንቅ መሆናቸውን አስጠንቅቋል። የሽቦው ታሪክና የጣፋጩ ጥያቄ በአንድ መጽሐፍ፣ በአንድ ሰው ብዕር አብረው መነሳታቸው ልብ ሊባል ይገባዋል፤ የኋላ ዘመን ሐኪሞች የፎሻርን የመጀመሪያውን ትምህርት ተቀብለው ሁለተኛውን ለረጅም ጊዜ ችላ ብለውታልና።

ሙያው ራሱን የቻለ የሕክምና ዘርፍ የሆነው በአሜሪካ ነው። ኤድዋርድ ሃርትሊ አንግል እ.ኤ.አ. በ1899 የላይኛውና የታችኛው ጥርስ እርስ በርስ የሚገጥምበትን ሁኔታ በሦስት መደብ የከፈለበትን ሥርዓት አሳተመ፤ በ1900 ደግሞ ኦርቶዶንቲክስ ለሚባለው የጥርስ ማቃናት ሙያ ብቻ የተቋቋመ ትምህርት ቤት በሴንት ሉዊስ ከፈተ። አንግል ማንኛውም ሰው 32ቱን ጥርሶቹን ይዞ ፍጹም ግጥምጥሞሽ ሊያገኝ ይችላል ብሎ አጥብቆ ያምን ስለነበር ለቦታ ሲባል ጥርስ መንቀልን ይቃወም ነበር፤ ጥርሶቹ በትክክል ከተገጣጠሙ የማላመጥ ሥራ ራሱ መንጋጋውን አሳድጎ ቦታ ይፈጥርላቸዋል የሚል ተስፋም ነበረው። ካልቪን ኬዝ የተባለ የሙያ ባልደረባው ይህን አቋም በብርቱ ተሟግቶታል፤ አንግል በ1930 ከሞተ በኋላ ደግሞ የራሱ ደቀ መዝሙር የነበረው ቻርልስ ትዊድ፣ ሳይነቀልላቸው ጥርሳቸው የተቃናላቸው ታካሚዎች ጥርሳቸው ተመልሶ ሲጣመም በማየቱ የመምህሩን ትምህርት ትቶ ወደ መንቀል አዘነበለ። የዚህ ክርክር ሥር፣ መንጋጋችን ለጥርሶቻችን ለምን ይጠብባቸዋል የሚለው ጥያቄ ነበር።

ለዚህ ጥያቄ ምግብን መልስ አድርጎ ያቀረበው አውስትራሊያዊው ሬይመንድ ቤግ ነው። ቤግ በ1920ዎቹ አጋማሽ በካሊፎርኒያ ፓሳዴና ከአንግል ዘንድ ተምሮ ወደ አደሌድ ከተመለሰ በኋላ የአገሪቱን ቀደምት ነዋሪዎች የራስ ቅሎች ለብዙ ዓመታት መረመረ። በእነዚህ የራስ ቅሎች ላይ ያስተዋለው ነገር ጥርሶቹ በሚነክሱበት አናታቸው ብቻ ሳይሆን እርስ በርስ በሚነካኩበት ጎናቸውም ክፉኛ መበላታቸውን ነበር፤ አሸዋና አመድ የተቀላቀለበት፣ ያልላመና ብዙ መታኘክ የሚፈልግ ምግብ ጥርሱን ከግራና ከቀኝ እየፋቀ ስለሚያሳጥረው ጥርሶቹ ወደ ፊት እየተጠጉ ይሄዱና ለመጨረሻዎቹ መንጋጋ ጥርሶች ቦታ ይለቅቁላቸው ነበር። ቤግ በዚህ መንገድ ከአንድ መንጋጋ የጥርስ መደዳ ላይ የሚቀነሰውን ርዝመት ወደ 1 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ አድርጎ ገምቶታል። በ1954 ባሳተመው ጥናቱ እንደተከራከረው፣ የዘመናዊ ሰው ጥርስ የሚጨናነቀው ለስላሳ ምግብ ጥርሱን ስለማይበላውና ጥርሱ ሙሉ ስፋቱን እንደያዘ ስለሚቀር ነው፤ ስለዚህ ሐኪሙ ጥርስ ሲነቅል የሚያደርገው ሻካራ ምግብ ቀድሞ ያደርገው የነበረውን ነው። ከብረታ ብረት ባለሙያ ጋር ሆኖ ያሠራው ቀጭን፣ ጽኑና የመለጠጥ ባሕርይ ያለው ሽቦም ከዚህ እምነት ጋር ተያይዞ በብዙ አገሮች ተሠራጨ።

የቤግ አስተያየት ሙሉ በሙሉ አልጸናም። ከእርሱ በኋላ የተደረጉት ምርምሮች የበለጠ ክብደት የሰጡት ለጥርሱ መበላት ሳይሆን ለመንጋጋው ዕድገት ነው፤ አጥንት በሚሸከመው ኃይል መጠን የሚያድግ አካል በመሆኑ፣ በልጅነቱ ጠንካራ ነገር ያላኘከ መንጋጋ በሙሉ መጠኑ ላያድግ ይችላል የሚለው አመለካከት ቀስ በቀስ ማስረጃ አገኘ። አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ሮበርት ኮሩቺኒ በሰሜን ሕንድና በሌሎችም አገሮች የሚኖሩ ሰዎችን በማነጻጸር፣ ባህላዊና ጠንካራ ምግብ ከሚበሉት ትውልዶች ይልቅ ወደ ለስላሳና በፋብሪካ ወደተዘጋጀ ምግብ የተሻገሩት ልጆቻቸው የጥርስ አለመግጠም የበዛባቸው መሆኑን አሳየ፤ በአንድ ወይም በሁለት ትውልድ ውስጥ የመጣ ለውጥ በመሆኑም በዘር ውርስ ብቻ ሊብራራ እንደማይችል ተከራከረ። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ ዳንኤል ሊበርማንና ባልደረቦቹ ለኢትዮጵያ ገደላማ ሥፍራዎች እንግዳ ያልሆነችውን እንስሳ፣ ሽኮኮን፣ ለሙከራ መረጡ። በሁለት ቡድን ከከፈሏቸው ሽኮኮዎች ግማሾቹ ጥሬና ደረቅ መኖ፣ ግማሾቹ ያንኑ መኖ በስሎና ለስልሶ ተመገቡ፤ ለስላሳውን የበሉት የፊታቸው የታችኛውና የኋለኛው ክፍል ዕድገት ወደ 10 በመቶ በሚደርስ መጠን አንሶ ተገኘ።

ምግቡ የለሰለሰበት ጊዜ በአውሮፓ በግልጽ ይታወቃል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽና ከዚያ በኋላ በሃንጋሪ ቡዳፔስት የተስፋፋው የብረት ሮለር ወፍጮ፣ የስንዴውን ገለባና ፉርሽካ በሚገባ ለይቶ ነጩን ዱቄት ለተራው ሕዝብ ሳይቀር በርካሽ አቀረበ፤ የእንግሊዝ መንግሥት በ1874 በስኳር ላይ ይጥለው የነበረውን ቀረጥ ማንሳቱም የድሃውን ማዕድ በጃምና በጣፋጭ ሻይ ሞላው። የሰው መንጋጋ ሥራው በቀለለበት በዚያው ዘመን፣ ጥርሱን የሚያጠቃው ነገር በረታ። ይህ ማለት ግን ሽቦ የሚያስፈልገው ልጅ ሁሉ ቆሎ ባለመቆርጠሙ ነው ማለት አይደለም፤ የመንጋጋና የጥርስ መጠን በውርስም ይወሰናል፤ ጣት መጥባትም ሆነ የወተት ጥርስን ያለ ጊዜው ማጣት የራሳቸው ድርሻ አላቸው፤ አንዴ አድጎ ያበቃን መንጋጋ ደግሞ ጠንካራ ምግብ አያሰፋውም።

ሽቦው ከታሰረ በኋላ የሚነሳው ጥያቄ ሌላ ነው። ከ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እስከ 1970ዎቹ ድረስ መሣሪያው የሚያያዘው በእያንዳንዱ ጥርስ ዙሪያ በሲሚንቶ በሚጣበቅ የብረት ቀለበት ነበር፤ ይህ ቀለበት የጥርሱን ዙሪያ ስለሚሸፍነው ሲሚንቶው በትንሹ ሲታጠብ ምግብና ባክቴሪያ ከሥሩ እየገቡ፣ ማንም ሳያያቸው ጥርሱን ሲቦረቡሩ ይቆዩ ነበር። ይህን የቀየረው በኒው ዮርክ ግዛት በሮቸስተር ከተማ ይሠራ የነበረው ማይክል ቡኦኖኮር ነው። ቡኦኖኮር በኢንዱስትሪ ቀለም ከብረት ጋር በደንብ እንዲጣበቅ ፎስፎሪክ አሲድ በቅድሚያ እንደሚቀባ በማየቱ፣ በ1955 ያንኑ አሲድ ለአጭር ጊዜ በኢናሜል ላይ ቢቀቡት የማጣበቂያው ኃይል እጅግ እንደሚጨምር አስታወቀ፤ ኢናሜል የሚባለው የጥርስ ውጫዊና ጠንካራ ሽፋን ነው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ውስጥ ይህ ዘዴ ወደ ኦርቶዶንቲክስ ገብቶ፣ ብራኬት የምትባለው ሽቦውን የምትይዘው ትንሽ ቁራጭ በቀጥታ በጥርሱ ፊት ላይ ትለጠፍ ጀመር።

አዲሱ አለጣጠፍ ጥርሱን ከቀለበቱ ነጻ ቢያወጣውም የምግቡን ችግር አላስወገደም። በብራኬቷ ዙሪያ ብሩሽ በቀላሉ የማይደርስበት ጥግ ስለሚፈጠር ፕላክ፣ ማለትም በባክቴሪያ የተሞላው ነጭና የሚያዳልጥ ሽፋን፣ በዚያ ይከማቻል፤ ሽቦው ሲፈታም ብራኬቷ የነበረችበትን ቦታ የከበበ፣ ኖራ የመሰለ ነጭ ነጠብጣብ ሊታይ ይችላል። ነጠብጣቡ ኢናሜሉ ማዕድኑን እያጣ መሆኑን የሚያሳይ የመቦርቦር የመጀመሪያ ደረጃ ነው። በ1982 በአሜሪካ የታተመ በስፋት የሚጠቀስ ጥናት ሽቦ ከታሰረላቸው ታካሚዎች ግማሽ ያህሉ ቢያንስ በአንድ ጥርሳቸው ላይ እንዲህ ያለ ምልክት እንደተገኘባቸው ገልጿል፤ በ1980ዎቹ የተደረጉ ሌሎች ጥናቶች ደግሞ ፕላኩ ካልጸዳ ነጠብጣቡ ለመታየት 4 ሳምንት እንኳ እንደሚበቃው አረጋግጠዋል። ሕክምናው ራሱ ብዙ ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ ስለሚወስድ፣ ለመበላሸት የሚበቃው ጊዜ ለመቃናት ከሚያስፈልገው ጊዜ እጅግ ያነሰ ነው።

ስኳር ይህን እንዴት እንደሚያደርግ የታወቀው ደረጃ በደረጃ ነው። በበርሊን ይሠራ የነበረው አሜሪካዊው ዊሎቢ ሚለር በ1890 ባሳተመው መጽሐፉ፣ በአፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳርና ዱቄት ነክ ምግብን አብላልተው አሲድ እንደሚያወጡና ጥርሱን የሚያሟሟው ይኸው አሲድ መሆኑን አስረዳ። በ1940ዎቹ ሮበርት ስቴፈን በፕላክ ውስጥ የአሲድነት መጠንን በመለካት፣ አፍ በስኳር ውሃ ከተጉመጠመጠ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ፒኤች የተባለው መለኪያ በፍጥነት እንደሚወርድና ወደ ቀድሞ ቦታው ለመመለስ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ እንደሚፈጅበት አሳየ፤ ፒኤች ሲያንስ አሲድነቱ ይበረታል፤ ከ5.5 አካባቢ ሲያንስ ደግሞ ኢናሜሉ መሟሟት ይጀምራል። ስለዚህ የሚበላው የስኳር ብዛት ብቻ ሳይሆን በቀን ስንት ጊዜ እንደሚቀመስና በአፍ ውስጥ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ዋና ጉዳይ ሆነ።

ይህን በሰው ላይ ያረጋገጠው ጥናት ውጤቱ ሲጠቀስ አፈጻጸሙም አብሮ ሊጠቀስ የሚገባው ነው። በስዊድን ሉንድ ከተማ አጠገብ በቪፔሆልም የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች የሚኖሩበት ሆስፒታል ነበር፤ ከ1945 ጀምሮ ለዓመታት ከ400 በላይ ታካሚዎች በቡድን ተከፍለው፣ አንዳንዱ ስኳር ከምግብ ጋር ብቻ፣ አንዳንዱ ጣፋጭ ዳቦ፣ አንዳንዱ ቸኮሌት፣ አንዳንዱ ደግሞ ሆን ተብሎ ጥርስ ላይ እንዲጣበቅ የተሠራ ቶፊ በምግብ መካከል እስከ 24 ፍሬ በቀን ይሰጠው ነበር። በ1954 በታተመው ውጤት መሠረት ስኳር ከምግብ ጋር ብቻ ሲበላ መቦርቦሩ ብዙም አልጨመረም፤ በምግብ መካከል የሚበላው የሚጣበቅ ጣፋጭ ግን ጥርሶችን አወደመ፤ ጣፋጩ ሲቋረጥም አዲስ የሚቦረቦሩት ጥርሶች ቁጥር ቀነሰ። የሕክምና ሳይንስ ከዚህ ጥናት የተማረው ብዙ ነው፤ ነገር ግን የተማረው ፈቃዳቸውን ሊሰጡም ሊነፍጉም በማይችሉ ሰዎች ጥርስ ነው፤ እንዲህ ያለ ሥራ በየትኛውም ዘመን ልክ አልነበረም። ዛሬ ለጥርስ ሽቦ ባለቤት የሚሰጠው የምግብ ምክር፣ በምግብ መካከል ጣፋጭ አትቅመስ፣ የሚጣበቅ ነገር ራቅ የሚለው ሁሉ፣ ዋጋው በእነዚያ ሰዎች ሕመም የተከፈለ መሆኑ ሊታወስ ይገባል።

በኢትዮጵያ ስኳር በሰፊው ማዕድ ላይ የወጣው ዘግይቶ ነው። ለዘመናት ጣፋጭ የነበረው ማር ሲሆን እርሱም በአመዛኙ ጠጅ እየሆነ ይጠጣ ነበር፤ ቡናም በየአካባቢው ልማድ በጨው ወይም በቅቤ ይጠጣ ነበር። ኤችቪኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ያቋቋመው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 ማምረት ከጀመረ ወዲህ ግን ስኳር የከተማው ቤት ቋሚ አስቤዛ እየሆነ መጣ። የቡና ሥርዓት አቦል፣ ቶናና በረካ ተብሎ በሦስት ዙር፣ በጨዋታ መካከል፣ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚዘልቅ በመሆኑ፣ እያንዳንዱ ስኒ በስኳር ከተጠጣ በስቴፈን መለኪያ መሠረት የጥርሱ ዙሪያ ከአሲድነት ሳያገግም ሌላ አሲድ ይደርሰዋል ማለት ነው። ለሽቦ ባለቤት መድኃኒቱ ከቡናው መቅረት አይደለም፤ ያለ ስኳር መጠጣት ነው።

የወንጂ ስም በጥርስ ታሪክ ውስጥ በሌላ ምክንያትም ይነሳል። ወንጂ ባለችበት በስምጥ ሸለቆ የሚገኘው የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ የሚባለውን ማዕድን በብዛት የያዘ በመሆኑ፣ በዚያ ውሃ ያደጉ ልጆች ጥርስ ይዥጎረጎራል፣ ይበልዛል፤ ለረጅም ዓመታት የጠጡት ሠራተኞች ደግሞ አጥንታቸው ተጎድቶ ተገኝቷል። በአሜሪካ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ከ1901 ጀምሮ ፍሬድሪክ መኬይ የተባለው የጥርስ ሐኪም ተመሳሳይ ቡናማ ጥርስ ሲያጠና ቆይቶ በ1931 መንስኤው ፍሎራይድ መሆኑ ተደረሰበት፤ በአነስተኛ መጠን ሲሆን ግን ይኸው ማዕድን ኢናሜሉን ከአሲድ እንደሚጠብቅ በመታወቁ ለጥርስ ሳሙና ዋና ግብዓት ሆነ። ሽቦ የታሰረለት ሰው ፍሎራይድ ባለው ሳሙና እንዲቦርሽ የሚመከረውም ለዚህ ነው። ክፉኛ የበለዘ ኢናሜል ግን የቡኦኖኮርን አሲድ ስለሚቋቋም ብራኬቷ እንደልብ ላትጣበቅበት ትችላለች፤ የስምጥ ሸለቆ ተወላጅ የሆነ ታካሚ ጠንካራ ምግብ ሲነክስ ከሌላው ይልቅ መጠንቀቅ ይኖርበታል።

ጥርስ የሚንቀሳቀሰው አጥንቱ በአንድ ወገን እየፈረሰ በሌላው እየተገነባ ሲሄድ መሆኑን ስዊድናዊው ካርል ሳንድስቴት በ1904 በእንስሳት ላይ ባደረገው ምርመራ አሳይቷል፤ ይህ ግንባታ የምግብ ንጥረ ነገር ይፈልጋል። ጥርሱን ከአጥንቱ ጋር የሚያያይዙት ጅማቶች የሚሠሩት ከኮላጅን ሲሆን፣ ሰውነት ኮላጅንን የሚሠራው በቫይታሚን ሲ አማካይነት ነው፤ ጄምስ ሊንድ በ1747 ድዳቸው አብጦ ጥርሳቸው የተነቃነቀ መርከበኞችን በብርቱካንና በሎሚ ያዳነበት ምክንያት ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ሽቦው በየወሩ ሲጠብቅ ጥርሱ ለጥቂት ቀናት ስለሚያምም ታካሚው መብላት ይቀንሳል፤ ወይም በሻይና በብስኩት ይውላል፤ ሁለቱም መንገዶች ሰውነት በሚገነባበት ጊዜ መገንቢያውን ይነፍጉታል። የኢትዮጵያ ማዕድ ለእነዚህ ቀናት የታደለ ነው፤ ሽሮ፣ ክክ አልጫ፣ ምስር ወጥ፣ ገንፎ፣ አጥሚት፣ በፍስክ ደግሞ እርጎ፣ አይብና እንቁላል ማኘክ ሳይጠይቁ ገንቢ ምግብ ይሰጣሉ፤ ደቆ የተከተፈ ጎመንና ፓፓያም ቫይታሚኑን ይጨምራሉ።

በ1997 በካሊፎርኒያ የተመሠረተው አላይን ቴክኖሎጂ የተባለው ኩባንያ ያስተዋወቀው፣ ሊወልቅ የሚችል ግልጽ የፕላስቲክ ማቃኛ የምግቡን ጥያቄ የፈታው መስሎ ነበር፤ ሲበሉ ይወልቃልና። ሆኖም በቀን ወደ 22 ሰዓት መጠለቅ ስላለበት፣ ሳያወልቁ ለስላሳ መጠጥ ወይም ጣፋጭ ሻይ የሚጠጡ ሰዎች ስኳሩን ምራቅ በማያጥበው ሽፋን ሥር ዘግተው ያቆዩታል።

ስለዚህ ለጥርስ ሽቦ ባለቤቶች በአማርኛ የሚዘጋጅ የምግብ መመሪያ በሌላ አገር ማዕድ ላይ ተመሥርቶ የተጻፈ ሊሆን አይገባውም። በካራሜል የተነከረ ፖም አትብላ ከማለት ይልቅ፣ ብራኬት የሚነቅሉትን ቆሎን፣ ዳቦ ቆሎንና ቋንጣን፣ ሽፋኑ ድድ ሥር የሚሰነቀረውን ፈንድሻን፣ በጥርስ የሚላጠውን ሸንኮራ አገዳንና ከቆረቆንዳው የሚጋጠውን የበቆሎ እሸት በስማቸው ጠርቶ ሊያስጠነቅቅ፣ ሥጋውን በጥርስ ከመዘንጠል ደቆ እንደተከተፈ ክትፎ አድርጎ መብላትን ሊመክር፣ የሚጠጣው ቡና ያለ ስኳር እንዲሆን፣ ጾም የዋለውም ሰው ሲያፈጥር በለስላሳ መጠጥ ሳይሆን በውሃና በምግብ እንዲጀምር ሊናገር ይገባል። የጥርስ ሐኪሞችና የሕክምና ትምህርት ቤቶች ይህን መመሪያ በጋራ እንዲያዘጋጁት፣ ወላጆችም ለሽቦው ከመክፈላቸው በፊት እንዲጠይቁት ያስፈልጋል።